ለአያትሽ የተጠረበው ሰፊ ድንጋይ

ለውድ የልጅ ልጄ፣

አንቺ ቀበጥ፣ እንደምን ከርመሻል? ሳሉስ ለቀቀሽ? አባትሽ አሁንም እንደ ድስት ይንተከተካል? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆኑት ጥርሶቼ ናቸው፣ እነሱም የቀሩት ጥቂት ስለሆኑ ጭቅጭቃቸው አያስቸግርም። እዚህ ካሪያኩ ደሴት ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የጣሪያ ውሃ የምናጠራቅምበት ጉድጓድ ታቹ ታይቷል።

እኔና አያትሽ የሀደርስፊልዱን ቤት ሸጠን፣ ዕቃችንን በበርሜል አሽገን፣ «ከእንግዲህ መመለስ የለም» ብለን ወደ ደሴታችን ስንገባ የሳሎኑን ምንጣፍ እንኳ አልተውንም። «በዚህ ሙቀት ምን ሊሠራልን ነው?» ብላት «እንግሊዝ አገር መኖራችን በምን ይታወቅልን?» አለችኝ። አሁን ሻግቶ የጎረቤታችን የእትዬ ዩጂኒ ፍየሎች ይተኙበታል። «አንተ እንግሊዙ፣ በዚህ ምንጣፍህ ፍየሎቼን አቀበጥክብኝ፤ ሣር አንበላም አሉ!» ትለኛለች።

አያትሽ ለእያንዳንዳችሁ ክፍል አሠርታ ነበር። ያንቺ በባሕሩ በኩል ያለው ነው። የፍራሹን ላስቲክ እስካሁን አላነሣሁትም።

አያትሽን የቀበርናት አፈር ብቻ አልብሰን ነው። እኛ ዘንድ የመቃብሩ ድንጋይ የሚቆመው ዓመታት ቆይቶ መሆኑን አባትሽ ነግሮሽ ይሆናል። ድንጋዩ ልክ እንደ ሬሳው ሆኖ ሳሎን ውስጥ ያድራል፣ ይለቀስለታል፣ ከበሮ ይመታል፣ ይበላል፤ ከዚያ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ራስጌው ላይ ሮም የምንለውን የሸንኮራ አረቄና ውሃ አፍስሶ ያቆመዋል። እስከዚያ ሟች አላረፈም። እኔ ማፍሰስ አልችልም፤ ባል ሥጋ ዘመድ አይደለም። አባትሽ ደግሞ በየፋሲካው «ለሚመጣው ዓመት፣ አባዬ» ይለኛል። እትዬ ዩጂኒ በሕልሟ አያትሽ መጥታ «እነዚያ ልጆች መንገዱ ጠፋባቸው እንዴ?» እንዳለቻት ነገረችኝ። እኔ ሕልም ውስጥ ለምን እንደማትመጣ እንጃ። አኩርፋኝ ይሆናል።

በቀደም ድንጋይ ጠራቢውን ካንዩትን አስጠራሁት። ስፋቱን ስነግረው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ለአንዲት ቀጭን ሴት ነው ወይስ ለጀልባ?» አለኝ። «ስትተኛ እንዴት እንደምትንፈራገጥ አንተ ምን ታውቃለህ? ዝም ብለህ ጥረብ!» አልኩት። ስሟን በግራ በኩል ቀረጸ። «የቀረውስ? አበባ ላድርግበት?» ሲለኝ «ተወው፣ ባዶውን ይሁን» አልኩት። ያን ጊዜ ሳቁ ጠፋ። ሻይ ቅመስ ብለው እንኳ እምቢ ብሎኝ ሄደ።

ግሬናዳ ያለው ሐኪሜም ጥሩ ሰው ነው። «ከእንግዲህ በመርከብ እየተንገላቱ አይምጡ፤ ያማረዎትን ይብሉ» ብሎኛል። ስለዚህ በሐኪም ፈቃድ ሆዳም ሆኛለሁ።

አባትሽ ዘንድሮስ ቲኬት ልቆርጥ ነው ብሎ ጽፎልኛል። አይቸኩል በይው። አያትሽን እኔው አባብላታለሁ። ያን ሁሉ ባሕር ሁለቴ መሻገር ለምን? አንዴ ብትመጡ ይበቃል፤ ቀኑን እትዬ ዩጂኒ ደውላ ትነግራችኋለች። የሮሙን ጠርሙስ አንቺ ያዢው፤ አባትሽ እጁ ቆንቋና ነው። አንቺ ግን በግራም በቀኝም አድርገሽ አፍስሺ።

ዕድሜሽ ይርዘም፣ የወለድሽው ይባረክ፣ የረገጥሽው ምድር ይመችሽ።

የሚነጅስሽ
አያትሽ