ሳይጃጁ ጃጁ ያልናቸው አባባ

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ጽጌሬዳ ተፈራ፣
ኮምቦልቻ።

እትዬ፣ ሰላምታዬ ከደጅሽ ይድረስ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ከጥቅምቱ ብርድ ጋር እንዴት ሆነ? ጋሽ ሄኖክ እንዴት ናቸው፣ ስኳራቸውን ይለካሉ ወይስ አሁንም «ምንም የለብኝም» እያሉ ያመልጡሻል? ሚኪያስስ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ቤቱም ጎረቤቱም በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው። ይህን ስል ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም፣ እውነትም ደህና ናቸው። አሁን በረንዳ ላይ ሬዲዮናቸውን ታቅፈው ከዜና አንባቢው ጋር እየተከራከሩ ነው።

በየሳምንቱ እየተደዋወልን ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትዪ ይሆናል። በስልክ ስናወራ አንዴ መስመሩ ይቆረጣል፣ አንዴ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ አንዴ እኔ እቸኩላለሁ። በዚህ መሀል የነገሩ አንዱ ጫፍ ሲደርስሽ ሌላው እየቀረ፣ የሆነውን ከነአካሄዱ እስከ ዛሬ አልሰማሽም። አባባም «በስልክ የተወራ ይበንናል፣ ቁጭ ብለህ ጻፍላት» አሉኝ። አንድ ባልደረባችን ለሠርግ ወደ ደሴ ስለሚሄድ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ውስጥ በራስ ምታት ነው። አባባ ጠዋት ሲነሱ ግንባራቸውን በነጠላቸው ጠበቅ አድርገው ማሰር አመጡ። በዚያው ሰሞን ቢሮ የምንጋራው የጂኦግራፊ መምህር ደረሰ ታይፎይድ ይዞት ተኝቶ ገና መነሳቱ ነበር። ሊጠይቃቸው መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠና «ይኼማ ታይፎይድ ነው፣ እኔንም ልክ እንዲህ ነው የጀመረኝ» አለ። በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ሰፈራችን ወዳለው ክሊኒክ ወሰድኳቸው። የካርድ ክፍሏ ልጅ ምን እንደሚያማቸው ስትጠይቀኝ ራሳቸውን ያማቸዋል አላልኩም፤ «ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም» ነው ያልኩት። ሐኪሙም እኔ ለጠራሁት በሽታ ምርመራ አዘዘ፣ ውጤቱም «አለ» ተብሎ መጣ። ያ ምርመራ በሽታው በሌለበት ሰው ላይም «አለ» ሊል እንደሚችል የተረዳሁት በኋላ ነው። በዚያን ዕለት ግን ስሙን አገኘሁለት ብዬ እፎይ ብዬ ነበር።

መድኃኒቱን ጀመሩ። ቀለል ሲላቸው «አየሽ፣ እየሠራ ነው» እላታለሁ ባለቤቴን ሮሆቦትን። ሲብስባቸው ደግሞ «ገና አልጨረሱትማ» እላለሁ። አስቢው እትዬ፣ ቢሻላቸውም ቢብስባቸውም ያው ታይፎይድ ነው ማለት ነው። ታይፎይድ አይደለም የሚያሰኘኝ ምን ዓይነት ቀን ሊመጣ ይችል እንደነበር አሁንም ሳስበው አላገኘውም። እኔ ራሴ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ለተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ዜሮ እሰጥበታለሁ።

መድኃኒቱ አለቀ፣ አባባ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ቀን ቀን ይተኛሉ። የልጃችንን የህሊናን ስም ትተው በአንቺ ስም ይጠሯታል። ሸሚዛቸውን ገልብጠው ለብሰው ይወጣሉ። አንድ ቀንማ የጎረቤታችንን በር የእኛ ነው ብለው ሲያንኳኩ አገኘኋቸው። ያን ማታ ስደውልልሽ «አያታችንም በዚህ ዕድሜያቸው ነው የጀመራቸው፣ ጃጅተዋል በቃ» አልሽኝ። እኔም አመንኩሽ። ታይፎይድ ማለቱን የተውኩት በሌላ ስም ለመተካት ብቻ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ምን እንደማደርግ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። የረሱትን ሁሉ እየለቀምኩ እነግርሻለሁ፤ ያልረሱትን ግን አልነግርሽም። አንድ ቀን ለህሊና ድሮ በመንገድ ሥራ ጋራዥ አብረዋቸው የሠሩትን ሰዎች ከነአባት ስማቸው፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደተቀጠረ ሳይቀር ቆጥረውላታል። ቤት ውስጥ ሁላችንም ሰምተን ገርሞን ነበር። አንቺ ግን ይህን ከእኔ አልሰማሽም፣ ምክንያቱም ጃጅተዋል ካልነው ጋር አይሄድም። የማይሄደው ነገር ሳልዋሽ፣ ሳልደብቅ፣ ዝም ብሎ ከአፌ ቀረ።

ይኸኛውን መጻፍ ግን ይከብደኛል። በዚያው ሳምንት አባባ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው በመዳፋቸው የጭንቅላታቸውን ጎን ይዘው «ብረቱ መታኝ» አሉኝ። ደጋግመው አሉኝ። «የምን ብረት አባባ?» ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ቃል አጥሯቸው «ብረቱ፣ ብረቱ» አሉና ተዉት። እኔም ትራሳቸውን አስተካክዬ ወጣሁ። ለአንቺ ስነግርሽ ታስታውሺያለሽ፣ ሁለታችንም ያለቀስነው በዚያ ነው። ወደ ጋራዡ ተመለሱ፣ ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው መጨረሻቸው በብረት መቃዠት ሆነ ተባባልን። አንዴ ጃጅተዋል ካልን በኋላ የሚናገሩት ሁሉ ንግግር መሆኑ ቀርቶ ምልክት ብቻ ሆነብን።

ቀጥሎ ያለውን በከፊል ታውቂዋለሽ። «ሳይብስባቸው አገራቸው ይግቡ፣ ጸበልም ይጠመቁ፣ ዘመድ ይያቸው» አልሽ። እኔ ፈቃድ ጠየቅኩ፣ አንቺ ክፍል አዘጋጀሽ፣ ዘመድ ተነጋገረ፣ መኪና ያለው የአክስታችን ልጅ ቀን ቆረጠ። ነገሩ እንዲህ እየተንከባለለ ከሄደ በኋላ ማን ደፍሮ «ቆይ እስቲ» ይበል? እኔ አላልኩም። ያለችው ሮሆቦት ናት።

እሷም ብትሆን መጀመሪያ ከእኔ ጋር ታይፎይድ ነው ስትል ነበር። አንድ ጠዋት ግን አባባን ደግፋ ወደ ግቢ ስታወጣቸው ጫማቸው ከእግራቸው ወልቆ ቀረ፤ የግራው። አደረገችላቸው፣ ትንሽ ሄደው ደግሞ ወለቀ። «ሰፍቷቸው ነው» አልኳት። የእኔን ነጠላ ጫማ አመጣች፣ ያም የግራው ብቻ ወለቀ። ቀና ብላ አየችኝና «ጉልላት፣ እርጅና በአንድ እግር ብቻ ይመጣል እንዴ?» አለችኝ። ተቆጣኋት። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ አሁን ምን ትለኛለች ብዬ ነው። እሷ ግን ሳይመረመሩ ከዚህ ቤት አይወጡም ብላ በሩ ላይ ቆመች።

አንቺ የደወልሽው በዚያን ሰዓት ነው። ሁለታችሁን ማስማማት ቢያቅተኝ ስልኩን ለእሷ ሰጠኋት። ያልሻትን እዚህ አልደግመውም፤ አንቺም ታስታውሺዋለሽ። በእሷ ቤተ ክርስቲያን ጸበል ስለሌለ አባባን ከጸበል ልታስቀር ነው፣ የራሷ አባት ቢሆኑ እንዲህ አታደርግም፣ ያልሽው ማለቴ ነው። እሷ «እሺ እትዬ» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። እኔም እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአንድ ቀን ያህል አንቺ ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም ብዬ አስቤ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የኖረችውን ሴት ትቼ፣ ስለ ሌላ ሃይማኖት ሰው ሲወራ የሰማሁትን አስቀድሜ ነው ያሰብኩት።

እንደምንም ሆስፒታል ሄድን። የተቀበለችን ዶክተር ሙንተሃ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። እንደ ልማዴ «ታይፎይድ ነበረባቸው፣ አሁን ደግሞ እርጅናው...» ብዬ ስጀምር እጇን አነሳችና «ስሙን ለእኔ ይተዉልኝ፣ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ» አለች። ሮሆቦት ስለ ጫማው ነገረቻት። ሐኪሟ ሁለቱንም እጃቸውን ወደፊት አስዘረጋቻቸው፤ የግራው ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ እኔን ትታ ወንበሯን ወደ አባባ አስጠጋችና ጎንበስ ብላ «አባባ፣ በቅርቡ ራስዎን የመታዎት ነገር አለ?» አለቻቸው።

አባባ ቆዩ። ከዚያ «ብረቱ» አሉ። «የምኑ ብረት?» አለች። አልቸኮለችም፤ እስኪያገኙት ጠበቀች። «የባጃጁ» አሉ።

እትዬ፣ ያን ጊዜ ወለሉ ቢከፈት እገባ ነበር። ቀስ በቀስ ሲወጣ፣ ነሐሴ ውስጥ በፍልሰታ ጾም ከቅዳሴ ሲመለሱ ዝናብ ነበር። ቁመታቸውን ታውቂያለሽ፤ ከባጃጅ ሲወርዱ ቸኩለው ራሳቸውን ከላይኛው ብረት ጋር አጋጩ። ደም አልወጣም፣ እብጠት አልነበረም፣ ስለዚህ ለማንም አልተናገሩም። ሐኪሟ እንዳለችው በሽማግሌ ሰው ራስ ውስጥ ትንሽ ደም በስሱ እየፈሰሰ ሳምንታት ቆይቶ ሊጠራቀምና አንጎልን ሊጫን ይችላል። ሲቲ ስካን ተነሡ፤ ምስሉ ላይ እኔም እንኳ አየሁት። ያንን ወደ ኮምቦልቻ ቀን ሙሉ በመኪና የሚኬድ ጉዞ አስጀምረናቸው ቢሆን ኖሮስ ብዬ ጠየቅኳት። «እንኳን አላስጀመራችኋቸው» ብቻ አለችኝ።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው፤ የራስ ቅላቸውን በትንሹ ከፍተው ደሙን አስወጡ። አባባ ከነቁ በኋላ መጀመሪያ የጠየቁት ውኃ፣ ቀጥሎ ሬዲዮናቸውን ነው። ህሊናን በስሟ ጠሯት፤ ልጅቷ ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች። አሁን በከዘራ ይሄዳሉ። የግራ እጃቸው ቁልፍ ለመቆለፍ ገና ያስቸግራቸዋል፣ እሱም ይመለሳል ተብሏል፤ ላይመለስም እንደሚችል ግን አልተደበቀንም።

ከሁሉ የሚያስቀው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ደረሰ ሊጠይቃቸው መጥቶ «እኔ እኮ ከመጀመሪያውም ታይፎይድ ብቻ አይመስለኝም ነበር» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ። የአክስታችን ልጅም መንገዱ እንደከበደው፣ ልቡ እምቢ እንዳለው ነገረን። ልታዘባቸው ስል እኔው ራሴ መምህራን ማረፊያ ውስጥ «ገና ስጀምር ጥርጣሬ ነበረኝ» እያልኩ ሳወራ ራሴን አገኘሁት። በዚያ ላይ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው ሆኛለሁ፤ ራሱን ያመመው ሰው ባገኘሁ ቁጥር ባጃጅ ላይ ተጋጭተሃል ወይ እላለሁ። ባለፈው ሮሆቦት ራሴን አመመኝ ብትለኝ ሲቲ ስካን ካልተነሣሽ ብዬ ቀኑን ሙሉ ጨቀጨቅኳት፤ ለካ መነጽሯን ቢሮ ረስታ መጥታ ነው። ይህን ለዶክተር ሙንተሃ ስነግራት ሳቀች። ቀጥላ ግን ከምር አድርጋ፣ ሰው በቅርብ ያየው ነገር ዓይኑ ላይ ስለሚቀር ሌላውን ሁሉ በእሱ ያየዋል፣ እኛም ሐኪሞቹ ከዚህ አናመልጥም፣ ስለዚህ አንድ ነገር እርግጠኛ ስሆን የማይገጥመው ምንድን ነው ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ አለችኝ። ያን ከእሷ ወስጃለሁ። ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል ማለት ግን አይደለም።

አባባ በታመሙበት ጊዜ የምናወራውን ይሰሙ እንደነበር ታውቂያለሽ? እኔ አላወቅኩም። ባለፈው እሑድ ሐይቁ ዳር ወስጃቸው ተቀምጠን ሳለ ነገሩኝ። በአጠገባቸው ሆኜ በስልክ «ጃጅተዋል» ስልሽ ይሰሙኝ ነበር፣ መልስ ለመስጠት ግን ቃሉ ከምላሳቸው ላይ እየሸሸ ያስቸግራቸው ነበር። ተቆጥተው አይደለም የነገሩኝ። «ለሰው ሁሉ ስለኔ ጠየቃችሁ፤ እኔን ግን ደግማችሁ አልጠየቃችሁኝም» ነው ያሉኝ። ከሐይቁ ዓሣ ይዘው የሚገቡትን ጀልባዎች እያየን አመሸን።

አሁን ወደ ደብዳቤዬ ምክንያት ልምጣ። ይህን ክፍል መጻፌን ሮሆቦት አታውቅም። ሆስፒታል ሳለን አባባ ጸበል አማራቸው። እኔ መድኃኒት ፍለጋ ወጥቼ ነበር። ሮሆቦት ከጎረቤት ነጠላ ተውሳ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ጠይቃ፣ በጠርሙስ ይዛላቸው መጣች። ሐኪሟን አስፈቅዳም ፊታቸውን አበሰችላቸው። ይህን የሰማሁት ከአባባ ነው፤ እሷ አንድም ቀን አላነሳችውም። አንቺ ያልሻትንም አላነሳችም። ስምሽ ሲጠራ ግን ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። እትዬ፣ አንቺ እናታችን ከሞቱ በኋላ እኔን ያሳደግሽ ነሽ፤ ልመክርሽ አቅም የለኝም። አባባን ብለሽ ነው የተናገርሽው፣ እኔም አባባን ብዬ ነው የተቆጣኋት። ቢሆንም ስትደውዪ በእኔ ስልክ አትደውዪ፣ በእሷ ደውዪላት። እኔ አጠገቧ አልሆንም።

ለጋሽ ሄኖክ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ስኳራቸውን ይለኩ፣ ለአባባ ሲሉ። ለሚኪያስ፣ አጎትህ ያን የፊዚክስ መጽሐፍ ልኮልሃል በይው፣ ከደብዳቤው ጋር አለ። ለአክስታችንና ለልጇ፣ ቡና ለሚጠጡት ጎረቤቶችሽም ሁሉ ሰላም በይልኝ። ህሊና እጅ ነስታለች፤ በስምሽ በመጠራቷ ኮርታለች። አባባ ሐኪሟ ከፈቀደች ለጥምቀት ይመጣሉ፤ በከዘራ ሲወርዱ አትደንግጪ። ምን ልጻፍላት ብዬ ስጠይቃቸው ሬዲዮናቸውን ቀነስ አድርገው እንዲህ በላት አሉኝ፦ «የጃጀሁ ቀን ራሴ እነግራታለሁ።»

ታናሽ ወንድምሽ
ጉልላት ተፈራ

ሀዋሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.