ጫፉ ስለተሰበረው የጃፓን ቢላዋ

ለምወድህ ባለቤቴ ለጌትነት፤

ከተለየኸኝ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። የአንተን ደህንነት መጠየቅ ስለማልችል የእኛን ልንገርህ። እኔም ልጃችን ስንዱም ደህና ነን። ይህን የምጽፍልህ በራሴ እጅ ነው። አንተ በጭነት መኪናህ አሰብ ስትመላለስ የምትልክልኝን ደብዳቤ ጎረቤት ነበር የሚያነብልኝ። አሁን መሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድም ታገሠኝ።

ዘንድሮ የደብረ ታቦር ክረምት በርትቶብን የጓዳው ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሮ ነበር፤ እኔው ወጥቼ ቆርቆሮውን መታሁት። ስንዱ አራተኛ ክፍል ገብታለች። ዋናው ወሬዬ ግን ስለ ቢላዋው ነው።

አሰብ ላይ ጭነት ስትጠብቅ ከአንድ የጃፓን መርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ጋር ተግባባህ። በምን ቋንቋ እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም። አንተ ጋቢህን ሰጠኸው፤ በዚያ ሐሩር ጋቢ ምን ሊያደርግለት እንደሆነ እንጃ። እሱ ደግሞ ቢላዋውንና የመሳያ ድንጋዩን ሰጠህ። በጋዜጣ ጠቅልለህ አመጣህልኝ፤ እጀታው ነጭ እንጨት፣ ስለቱ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ጎኑ ላይ እዚህ አገር ማንም የማያነበው ጽሕፈት የተቀረጸበት። አልወደድኩትም። “ሰው ከአሰብ ሻሽ ያመጣል፣ አንተ ቢላ?” አልኩህ። ሳምንት ሳይሞላው የበግ አጥንት መትቼበት ሸረፍኩት።

አልተቆጣህም። ድንጋዩን ውኃ ውስጥ ነክረህ፣ እጄን በእጅህ ይዘህ፣ “ጀርባውን የትንሿን ጣትሽን ውፍረት ያህል ከፍ አድርጊው፤ አትጫኚው፤ ሂጂበት፣ ተመለሺበት” እያልክ አሳየኸኝ። ሽርፉ እስኪጠፋ ሦስት ቀን ሳልን። ከዚያ ወዲያ ሽንኩርት ስከትፍበት እንደ ድሮው ዓይኔን አያስለቅሰኝም፤ ቢላዋው በራሱ የሚወርድ ይመስል ነበር። አጥቤ ወዲያው ካላደረቅሁት እንደሚዝግም ለመድኩ። አንድም ቀን ግን ጥሩ ነገር አመጣህልኝ አላልኩህም። ይኸው አሁን አልኩህ።

መኪናህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎህ ከሄድክ በኋላ ቢላዋውን ለብቻው አስቀምጬው ነበር። የተዝካርህ ዕለት ግቢው በሰው ተሞልቶ፣ በሬ ታርዶ፣ ታላቅ ወንድምህ ጋሼ አያልነህ ቢላ ሲያጡ ጓዳ ገብተው እሱኑ አንስተው ወጡ። የታፋ አጥንት ሊለያዩበት ጠመዘዙት። ከጫፉ ሦስት ጣት ያህል ተቀነጠሰ። “ቢላ አይደል፣ ሌላ ይገኛል” አሉኝ። ክፋት አልነበራቸውም፤ ምን እንደሆነ አላወቁም። እኔ ግን ስብርባሪውን በነጠላዬ ቋጥሬ ከጓሮ ሄጄ፣ ባስቀበርኩህ ቀን ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

በማግስቱ ጋሼ አስቀመጡኝና “ልጅቷን ይዘሽ እኔ ጋ እብናት ነዪ። ከተማ ውስጥ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?” አሉኝ። ላስብበት አልኳቸው። በዚያው ሰሞን ሆስፒታሉ ለወጥ ቤቱ ሠራተኛ እንደሚፈልግ፣ ፈተናም እንዳለው፣ ተፈታኝም የራሱን ቢላዋ ይዞ እንደሚመጣ ሰማሁ። ሌላ ቢላ መዋስ እችል ነበር። አልፈለግሁም።

ወደ ጋፋት ወረድኩ። እዚያ አቶ ተገኘ የሚባሉ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ሽማግሌ አሉ። ሰው የብረት ሠሪ ዓይን እንደሚፈራ ታውቃለህ፤ ጎረቤታችን እትዬ አበባ “የልጅ እናት ሆነሽ ደጃቸውን ትረግጫለሽ?” ብለው ሊመልሱኝ ነበር። ሄድኩ።

አቶ ተገኘ ቢላዋውን ለረጅም ጊዜ አገላበጡት፤ አውራ ጣታቸውን በስለቱ ላይ በአግድም አሳለፉ። ቀጥቅጠው እንዲቀጥሉልኝ ስለምናቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። “እሳት ካየ ጥንካሬው ይሞታል። ይህን የሠራው ሰው ሥራውን ያውቃል፤ እኔ አላበላሽበትም” አሉ። “የቀረውን በድንጋይና በውኃ ቅርጽ እናወጣለታለን። ጊዜ አለሽ?” “ጊዜስ አለኝ” አልኳቸው።

አራት ቀን ተመላለስኩ። እሳቸው ሲደክማቸው እኔ እስላለሁ፤ እኔ ስሳሳት እሳቸው ያርሙኛል። ሚስታቸው ምሳ ሲያቀርቡ አብሬ በላሁ። ይህ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ከተማ ገባ። እትዬ አበባ ለሁለት ወር ያህል ከቤቴ ውኃ እንኳ አልቀመሱም። እኔ ግን ያከበረኝን የአቶ ተገኘን ቤት አላማሁም።

ለፈተናው ስድስት ሴቶች ቀረብን። ድንችና ሽንኩርት በጆንያ ፊታችን ፈሰሰ። ቢላዋዬን ሳወጣ አንዷ “ይሄ ጉማጅ ምን ሊቆርጥ ነው?” ብላ ሣቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሂጂበት፣ ተመለሺበት ያልከኝን በልቤ እያልኩ ጀመርኩ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ እየዞሩ አዩን፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ከተከተፈው ድንች እፍኝ አንስተው መዳፋቸው ላይ ዘረጉት። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። “እንዲህ ከሆነ እኩል ይበስላል” ብለው አለፉ። በሳምንቱ ጠሩኝ። እነሆ ከዓመት በላይ ሠራሁ፤ የታመመ ሰው ምግቤን በልቶ ሲነሣ አያለሁ።

ጋሼ አያልነህ ሊወስዱን ሲመጡ ሽርጥ ለብሼ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ተገናኘን። “ለፋሲካ እንመጣለን ጋሼ፤ ለመኖር ግን አንመጣም” አልኳቸው። እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ከዚያ ቢላዋውን አሳዪኝ አሉ። በሁለት እጃቸው ይዘው አዩትና “አጥፍቻለሁ” አሉ። እኔም ይቅር ብያለሁ። አንተም ይቅር በላቸው።

አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቀኛል። ስንዱ ድምፅህ እየጠፋባት ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስለ አንተ አንድ ነገር እነግራታለሁ፤ መሪ ይዘህ ስትዘፍን ዜማው እንዴት እንደሚጠፋብህ፣ ከእኔ ጋር ስትጣላ ቀድመህ የምትስቀው አንተ እንደሆንክ። ደጉን ብቻ አልመርጥም፤ እልኸኛነትህንም እነግራታለሁ። የምነግራት ሲያልቅብኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ባለቤትህ የሺ