የአባባ እጅ ጂን የለበትም

ውድ ወንድሜ ታጁ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬ ለአላህ ብዬ ነው እንጂ ዛሬስ ላንተ ሰላም የለኝም። ሐሙስ መኪና ይዘህ መጥተህ፣ ጂኑን ለማስወጣት አባባን ወደ ጅግጅጋ ወደ ሸኽህ ልትወስዳቸው እንደሆነ ከድምፅ መልእክትህ ሰማሁ። እንዳትሞክረው!

ባለፈው ስትመጣ ያደረግኸውን ላስታውስህ። አባባ እዚሁ ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ካለው የልብስ ስፌት ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው፣ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸው የተስቢህ ዶቃ የሚቆጥሩ ይመስላሉ። ቁርኣን አቀበልካቸው። እጃቸውን ዘርግተው ሲቀበሉህ መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። «ሱብሓነላህ! አያችሁ? ጂኑ ፈርቶ ነው!» ብለህ ጮህክ። ደንበኞች ፊት! ጥቂት ይዘውት ቆይተው እጃቸው እንደገና ሲጀምር ደግሞ «እየታገለ ነው» አልክ። ሐኪም መጠየቅ ትዝም አላለህ።

እኔ ጠየቅኩ። ዶክተር ሂቦ «መንቀጥቀጥ ሁሉ አንድ አይደለም» አለችኝ። ዕቃ ሲያነሱ የሚብስ አለ፤ ሻይ የሚያስደፋው ዓይነት። የአባባ ግን ፓርኪንሰን ነው፤ እጃቸው ሲያርፍ ይመጣል፣ ሥራ ሲይዝ ይቆማል፣ አንድ ነገር ይዘው ዝም ብለው ሲቆዩ ተመልሶ ይመጣል። ቤት ገብቼ መቀስ ሰጠኋቸው፤ ቆመ። የሻይ ብርጭቆ ሰጠኋቸው፤ ቆመ። ጂን መቀስ ይፈራል እንዴ ታጁ? ቁርኣኑን አልካድኩም፣ አስተግፊሩላህ! የካድኩት ያንተን እውቀት ነው።

አንተ ተናግረህ ሄድክ፤ እዚህ ከወሬው ጋር የቀረነው እኛ ነን። ደንበኛቸው ማርያን የሰርግ ልብስ ልታሰፋበት ያመጣችውን ጨርቅ መልሳ ወሰደች። እሱስ ይቅር። አባባ ግን ዶክተሯ ያዘዘችላቸውን ኪኒን አልውጥም አሉ። «ለጂን ኪኒን ምን ያደርጋል?» ይላሉ። መራመዱም እየከበዳቸው ነው። ትናንት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ደብቀው «ሳሚያ ልጄ፣ ከእንግዲህ ልጆችሽን አላቅፍም፤ ወደነሱ እንዳይሻገር» አሉኝ። የገዛ እጃቸውን ፈርተው! ከዚያ ወዲህ ደሜ እንደፈላ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ ና፤ መኪናውን ግን ተወው። ፊታቸው ቁጭ ብለህ «ተሳስቼ ነው አባባ፣ ሕመም ነው» በላቸው። ከአንተ አፍ ካልሰሙት ኪኒኑን አይውጡም። እኔማ ስንት ጊዜ ነገርኳቸው። መልሳቸው አንድ ነው፤ «ታጁ አይዋሸኝም»።

እህትህ ሳሚያ
ሀርጌሳ