ሎሚውን ለአቦ የሰጠሽበት ቀን

እማዬ፣ የኔ ቆንጆ፣

ከሄድሽ ሰባት ወር ሆነ። አባዬ ሽሮ መሥራት ጀምሯል፤ ኧረ ተይኝ፣ በቢላ የሚቆረጥ ሽሮ ነው! የሆቴል ዩኒፎርምሽ ግን ዛሬም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ማናችንም አላነሳነውም።

ሳይኮሎጂ ክላስ ስመዘገብ ያደረግሽውን ታስታውሻለሽ? ሲታክ ኤርፖርት አካባቢ ላለ ጓደኛሽ ሁሉ ኮል አድርገሽ፣ ልጄ የእብድ ሐኪም ልትሆን ነው አልሽ። ገና ሃይስኩል ነኝ ብልሽ ማን ሰምቶኝ! ስለ ሕልም እንደምንማር ስነግርሽማ ባሰብሽ። ያየሽውን ሁሉ እንድፈታልሽ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ስታቆሚኝ አውቶቡስ ያመልጠኝ ነበር። እናደድብሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ።

ከዚያ የማስታወስ ሙከራ ቤተሰብ ላይ እንድንሠራ ታዘዝን። አሥራ ሁለት ቃላት አንዴ ብቻ አነበብኩልሽ። የሌሎቹ ልጆች ወላጆች ስድስት ሰባት ቢይዙ ነው። አንቺ ካልሲ እያጠፍሽ አሥራ ሁለቱንም በተርታ ወረድሽው! ያጭበረበርሽ መስሎኝ ሶፋው ሥር ወረቀት ስፈልግ በሳቅ ፍርስ አልሽ። ለካ ቃላቱን ለወሩ በዓላት አድለሽ ኖሯል፤ ጃንጥላውን ለልደታ፣ ሎሚውን ለአቦ፣ መጥረጊያውን ለሥላሴ፣ መሰላሉን ለሚካኤል። ሥራ ቦታም የትኛው ክፍል ፎጣ እንደጎደለው የምትይዢው እንዲሁ ነበር። ዘዴው መጽሐፋችን ውስጥ እንዳለ ስነግርሽ፣ እናቴ ያስተማረችኝን ማን ወስዶ ጻፈው ብለሽ ተቆጣሽ።

ካረፍሽ በኋላ ያንን ምዕራፍ መክፈት ፈራሁ። ደጋግመው ያላነሱት ነገር ይጠፋል ይላል። እውነትም ድምፅሽ እየራቀኝ ነበር። አንድ ቀን ሳቅሽን ፈልጌ፣ ፈልጌ አጣሁት። በጣም አለቀስኩ። ክላሱንም ልተወው ወሰንኩ።

በሳምንቱ አባዬ ቁርስ ላይ ዛሬ እኮ አቦ ነው አለ። ሎሚው ትዝ አለኝ። ከሎሚው ጋር ካልሲው፣ ከካልሲው ጋር ያ ሳቅሽ እንዳለ መጣ! አባዬ ምን ነካሽ እስኪለኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

ክላሱን አልተውኩትም እማዬ። ከመጽሐፉ ቀድመሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽና አመሰግንሻለሁ። አሁን አንቺንም ለበዓላቱ አድዬሻለሁ። ሳቅሽ የአቦ ነው፤ ቁጣሽ የሚካኤል፤ የጠዋት ሕልምሽ የማርያም። ወር በዞረ ቁጥር አነሳሻለሁ፤ አልረሳሽም። ስሜን ስትጠሪ ያለውን ድምፅሽን ደግሞ ለልደታ ሰጥቻለሁ።

ነገ ልደታ ነው። እጠብቅሻለሁ።

ልጅሽ