በሞዴሉ ውስጥ ያልተቆጠረው ሰው

ለመኖ ማቀነባበሪያ ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቀን፦ የካቲት 9

ጉዳዩ፦ ሁለተኛው ማደባለቂያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የደኅንነት ሞዴሉ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

እኔ አመልካች የፋብሪካው የጥገና ፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ባለፈው ወር በአንደኛው ማደባለቂያ ውስጥ ሕይወቱ ያለፈው የጽዳት ሠራተኛ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሁለቱንም አስቀድሜ የምገልጸው በኋላ ለምን ደበቅሽ እንዳልባል ነው።

1. እንደሚያውቁት፣ አዲሱ የማስነሻ ሥርዓት ከመተከሉ በፊት በኮምፒውተር ላይ ሞዴል ተሠርቶለታል። ሞዴሉ ማሽኑ ሊደርስባቸው የሚችላቸውን ሁኔታዎች አንድ በአንድ አስቀምጦ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ማደባለቂያው ከቶ ሊነሳ እንደማይችል በሒሳብ ያረጋግጣል። ማረጋገጫውን እኔም ከባለሙያው ጋር ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ስሌቱ ስህተት የለበትም።

2. ነገር ግን የእኛ ሠራተኞች ማደባለቂያውን የሚያጸዱት በሩን ከውስጥ ስበው ዘግተው ነው። ክፍት ከተተወ ብናኙ አዳራሹን ይሞላዋል፤ ማሸጊያ ላይ ያሉት ሴቶች ያስነጥሳሉ፣ ይሳደባሉም። ስለዚህ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ኮፍያውን በማስነሻው እጀታ ላይ ይሰቅል ነበር። ኮፍያ የተሰቀለበትን እጀታ የሚነካ አልነበረም። አዲሱ ሥርዓት ሲመጣ ማስነሻው ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ተዛወረ፤ እጀታውም ተነቀለ። ኮፍያው መሰቀያ አጣ።

3. በዕለቱ ወንድሜ ኮፍያውን በበሩ እጀታ ላይ ሰቅሎ ገባ። በሩ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ አይታይም። ስክሪኑ በሩ መዘጋቱን በአረንጓዴ መብራት አሳየ፤ ኦፕሬተሩም አስነሳው። ኦፕሬተሩን አልከስም። ለለቅሶ ቤታችን መጥቶ "እትዬ፣ አረንጓዴ ነበር እኮ" አለኝ። ውሃ ሰጠሁት።

4. አጣሪ ኮሚቴው አደጋውን "ሠራተኛው በጥድፊያ የፈጸመው ስህተት" ብሎታል። ክቡርነትዎ፣ ወንድሜን ባልደረቦቹ "ኤሊው" ነበር የሚሉት። እሱ ምሳውን እስኪጨርስ ሌላው ፈረቃ ይገባል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። የኮሚቴውን ቃል ለእናታችን ሳነብላት "የኔ ልጅ ነው የተጣደፈው?" አለችኝ፤ መሳቋ ይሁን ማልቀሷ አልለየሁም። እኔ እስካሁን አላለቀስኩም፤ ሰው ሳይታዘበኝ አይቀርም። ጠዋት እነሳለሁ፣ ፈረቃ እገባለሁ፣ ብሎን አጠብቃለሁ። ምንም አይሰማኝም።

5. ሞዴሉን የሠራውን ባለሙያ ጠይቄው ነበር። "የቀረጽነው በሩንና ሞተሩን ነው፤ በሩ ተዘግቶ ሰው ውስጥ ይኖራል ያለን የለም" ብሎ በትሕትና መልሶልኛል። እውነቱን ነው። ሥራው ሲጀመር ንድፉ ተሰጠው እንጂ እንዴት እንደምናጸዳ መጥቶ እንዲያይ የጋበዘው አልነበረም። ስለዚህ በሩ ተዘግቶ ሰው ከውስጥ የሚኖርበት ሁኔታ በሞዴሉ ውስጥ ጭራሽ የለም። ሁለተኛው ማደባለቂያ በዚሁ ሞዴል የፊታችን ሰኞ ይነሳል። የሚያጸዳው ሰውም ተመድቧል፤ የሁለት ልጆች አባት ነው።

ስለሆነም ሰው ከውስጥ መኖሩ በሞዴሉ ተካቶ ማረጋገጫው እንደገና እንዲሠራ፣ ወደ ውስጥ ለሚገባ ሁሉ ይዞት የሚገባው፣ ወጥቶ ካልመለሰውም ሞተሩ የማይነሳበት የራሱ ቁልፍ እንዲሰጠው፣ "በጥድፊያ" የሚለው ቃልም ከወንድሜ ላይ እንዲነሳ በማክበር እጠይቃለሁ።

የማስነሻ ፈቃዱ ያለ ጥገና ፈረቃ ኃላፊ ፊርማ እንደማይጸና ይታወቃል። ቅጹ ዛሬም ተልኮልኝ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከዚህ በታች የፈረምኩት ለዚህ አቤቱታ ብቻ ነው። የቅጹን የፊርማ ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የጥገና ፈረቃ ኃላፊ፣ የሟች እህት