እናኑ ለኬላው የሰጠችው ደብዳቤ

ቡሬ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቄስ ወልደ ሥላሴ፣ ፈረስ ቤት

«እናኑን በሰማንያ አላገባሃትም፤ አብራችሁም አልቆረባችሁም። ሚስትህ አይደለችም። እንዲህ ያለችውን ሴት በቤቴ ባስቀምጥ ምእመናኑ ምን ይሉኛል? መልሼልሃለሁ።»

ቃልህ ነው፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩም። ቀን እንኳ አልጻፍህበትም።

ቡሬ ላይ ፍተሻው ሲበረታ እናኑን ወዳንተ የላክኋት እንድታስጠጋት ነበር። አንተ ይህን ደብዳቤ አስይዘህ መለስሃት። ማንበብ እንደማታውቅ ታውቃለህ። ማንኩሳ ኬላ ላይ የጣልያን ወታደሮች አስቆሟት። አስተርጓሚው የነገረኝን እጽፍልሃለሁ።

«ባል አለሽ?»

«ለምን አይኖረኝም! እሱም የተማረ። ይኸው የወንድሙ የቄሱ ደብዳቤ፤ አንብበው።»

አነበበው። «እቴ፣ ይኸ እኮ ባል የለሽም ነው የሚለው።»

«እንግዲያ አንተም እንደኔ ማንበብ አታውቅም» አለችው።

እዚያው ምሽጉ ውስጥ ዘግተውባታል። የተማረ ሰው እየተለቀመ ባለበት ጊዜ በእግሬ ሄጄ ሚስቴ ናት አልኩ። መኰንኑ ያንተን ወረቀት አሳየኝ። ከሸፈተ አገር የመጣች ባል የሌላት ሴት በካሚዮን ትጫናለች፤ ከተጫኑት አንዲት የተመለሰች አላየንም። ካሚዮኑ የሚነሣው ታኅሣሥ 25 ነው። የካህን ምስክርነት የያዘ ባል ግን ሚስቱን ይወስዳል።

ስለዚህ በቤተ ክርስቲያንህ እንዳጋባኸን ጻፍ፤ የፊተኛው ቀን የለውምና ከጋብቻው በፊት የተጻፈ ነው እላቸዋለሁ። ሐሰት ነው ትላለህ። ዐውቃለሁ፤ ኀጢአቱ በእኔ ይሁን። እናኑ ቤቴ የገባችው በደሞዝ፣ በክፍያ ለጊዜው ሚስት ልትሆን ተዋውላ ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ደሞዙን ትታ የጎተራውን ቁልፍ ያዘች። እነሆ ዐሥራ ሁለት ዓመት። በየፋሲካው እየመጣህ እግርህን ስታጥብህ ሰማንያዋን አልጠየቅሃትም።

እሷ ግን አንድ ቀን ጠየቀችኝ፤ አንድ ቀን ብቻ። እኔ፣ ቤይሩት ድረስ ሄጄ ሕግ የተማርኩት ሰውዬ፣ ከመጽሐፌ ቀና ሳልል «ለሁለታችን ቃላችን አይበቃም?» አልኳት። «ለሁለታችንስ ይበቃል» ብላ ወጣች። ወዳንተ ስትነሣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰረችው። አልፈታሁትም።

ይህን የሚያመጣልህ ላቀው ደጅህ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ባዶ እጁን እንዳትሰደው። ልጆችህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ፤ አንተን የምመርቅህ ግን ወረቀቱን ካየሁ በኋላ ነው። በቃል የተላከ መልስ አልቀበልም። በጽሑፍ፣ ቀኑና ማኅተሙ ያለበት፣ እስከ ታኅሣሥ 20 እጄ ይግባ።

የእናኑ ባል
ኃይለ ሚካኤል