የአንሶላው ክፍል አሥር ደቂቃ

ለእታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ለቀቅ አደረገሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺን ማን ሊያታልል ይችላል።

እታለም፣ ጡረታ ከወጣሽ ወዲህ የሆስፒታላችን ዋርድ ዋርድ አልሆነም። አንቺ ኃላፊ ሳለሽ በሽተኛ ሲሞትብን እጃችንን ይዘሽ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ታስገቢን ነበር። አሥር ደቂቃ አልቅሺና ፊትሽን ታጥበሽ ነይ ትዪና አልጋዎቻችንን ራስሽ ትይዥልን ነበር። አበዛችው እያልን እናማሽ ነበር፤ ይቅር በይን። አዲሱ ኃላፊ ክፍሉን የካርቶን ማከማቻ አድርጎታል። በሩ ላይ ፈገግታ የሥራችን መለያ ነው የሚል ወረቀት ለጥፏል። እኛን ማን ፈገግ እንደሚያሰኘን ግን አልጻፈበትም።

ማክሰኞ አራተኛው አልጋ ላይ የተኙት አስተማሪ ዐረፉ። ሦስት ሳምንት አጥቤያቸዋለሁ። ሙቀታቸውን በለካሁ ቁጥር ስንት አገኘሁ፣ አለፍኩ ወይ እያሉ ያስቁኝ ነበር። ዓይናቸውን ከድኜ ከመጋረጃው ስወጣ ኃላፊው መጣ። ለልጃቸው ልደውል አልኩት። እሱ እንደሚደውል፣ የጠያቂ ሰዓት ስለደረሰ እኔ በር ላይ ቆሜ እንድቀበል፣ ፊቴንም እንዳስተካክል ነገረኝ። አስተካከልኩ።

መጀመሪያ የገባችው የአስተማሪው ልጅ ነበረች። ማንም አልደወለላትም። አባባ እንደተሻለው ገና ፊትሽን ሳይ ገባኝ ብላ አቀፈችኝ።

እቅፏ ውስጥ ሆኜ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ እንዴት እንዳየችኝ አልጽፍልሽም።

ኃላፊውን ስጠይቀው መስመሩ ተይዞብኝ ነው አለ። ጭራሽ ጠያቂ እያየ ፊትሽን አጥቁረሻል ብሎ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ! ተቃጠልኩ። ያስፈራኝ ግን የእሱ ነገር አይደለም። በማግስቱ ረቡዕ አንዲት እናት ሞቱብኝ፤ ምንም አልተሰማኝም። አንሶላውን ፊታቸው ላይ ስቤ ምሳዬን በላሁ። ከእንግዲህ ነርስ ነኝ ማለት አልችልም ብዬ ቆረጥኩ።

ሐሙስ ደግሞ አዲሷ ነርስ የመጀመሪያ በሽተኛዋ ሞተባት። ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቆማ አየኋት። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ካርቶኖቹን በእግሬ ገፍቼ አንሶላው ክፍል አስገባኋትና በሩን ከውጭ ዘጋሁ። የሥራ ጓደኛዬ አልጋዎቿን ያዘችላት። ኃላፊው መጥቶ ልጅቷ ውስጥ ምን ትሠራለች ሲለኝ አንሶላ እየቆጠረች ነው አልኩት። ዞር በይ አለኝ። አሥር ደቂቃዋ እስኪሞላ ፈቀቅ አላልኩም። እዚያው በሩን ተደግፌ፣ እሱ እያየኝ፣ ለአስተማሪውም ለእኚያ እናትም አለቀስኩ።

ሰኞ አስተዳደሩ ጋ ለጥያቄ ተጠርቻለሁ። እሄዳለሁ፤ ስለ ክፍሉም እነግራቸዋለሁ።

ወገብሽን ይማርልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ። የዚህን ወረቀት ጀርባ ስታነቢው ደግሞ እንዳትደነግጪ። ረቡዕ ለኃላፊው ልሰጠው ጽፌ የፈረምኩበት መልቀቂያ ነው። ዛሬ ለአንቺ ልጽፍ ስል ሌላ ወረቀት አጣሁ።

አልጋ ማንጠፍ ያስተማርሽኝ
ታናሽሽ